ጳጉሜን ደሞዝ የላትም፦ የበዓል ቅናሽ የት ነው ያለው?

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ስልካችሁን ስትከፍቱ ሁሉ ነገር ቢጫ ይሆናል። ቴሌግራም ቻናሉ፣ ቲክቶኩ፣ ፌስቡኩ የአደይ አበባ ፖስተር መለጠፍ ይጀምራል። መሃሉ ላይ በቀይ «ታላቅ የአዲስ ዓመት ቅናሽ»፣ ከጎኑ «እስከ 50 በመቶ»፣ ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ዋጋ በኢንቦክስ»።

በዚያው ቀን ከገበያ የተመለሰች እናታችሁን «ገበያው እንዴት ነው?» ብትሏት ግን የሌላ አገር ወሬ የምታወራ ነው የሚመስላችሁ። ሽንኩርቱ ባለፈው ሳምንት ከነበረበት ወጥቷል፣ ቅቤው አይቀመስም፣ የዶሮው ዋጋ ገና ከአሁኑ ያስደነግጣል። «እንዲህ ከሆነማ በዋዜማው ምን ሊባል ነው?» ትላለች።

ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱም እውነት ነው። ስልካችን ላይ የሚረክሰው ጫማ፣ ቀሚስና ስፒከር ነው። ገበያው ላይ የሚወደደው ደግሞ በዓሉን በዓል የሚያደርገው ነገር ነው። ያለ አዲስ ጫማ እንቁጣጣሽን መዋል ይቻላል፤ ያለ ሽንኩርት ግን ዶሮ ወጥ የለም። ስለዚህ የበዓል ቅናሽ አደን ማለት ፖስተር ማሳደድ ብቻ ከሆነ፣ የምናድነው ትንሹን ወጪ ነው፤ ትልቁ በጓሮ በር ያመልጠናል። ትልቁን ለመያዝ መጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደሚወጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ቺካጎ ላይ ቱና ሲረክስ፣ እኛ ጋ ሽንኩርት የሚወደደው ለምንድን ነው?

ኢኮኖሚክስ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰውም «ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይጨምራል» የሚለውን ያውቃል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ጁዲት ሸቫሊየር፣ አኒል ካሽያፕና ፒተር ሮሲ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ዶሚኒክስ የተባለውን የቺካጎ ሱፐርማርኬት የሽያጭ መረጃ ተጠቅመው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በምዕራባውያኑ ዐቢይ ጾም ብዙ ሰው ሥጋ ስለሚተው የታሸገ ቱና ፈላጊው ይበዛል። የቱናው ዋጋ ግን በዚያው ሰሞን ይቀንሳል።

ለምን? ሱፐርማርኬቱ ሰው ሁሉ በሚፈልገው ዕቃ ላይ ዋጋ ቀንሶ ያስተዋውቅና ደንበኛውን ወደ ቤቱ ይጠራዋል። ሰውየው ቱናውን ሊገዛ ገብቶ ወተቱን፣ ሳሙናውን፣ የልጁን ብስኩት ጋሪው ላይ ጭኖ ነው የሚወጣው። በቱናው የቀረውን ትርፍ ሱቁ ከጋሪው ላይ ይለቅመዋል። አሜሪካ ውስጥ የምስጋና ቀን በዋለ ማግስት የሚመጣው «ብላክ ፍራይደይ»ም ጥቂት ዕቃ ላይ በጣም ቀንሶ ሰውን የመሰብሰብ ነገር አለበት። ዋሽንግተን ያለችው አክስት ለገና በሰው ሻንጣ የምትልከውን ጫማ በኅዳር የምትገዛው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። አትክልት ተራን አስቡት፤ ፒያሳ የነበረው፣ በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ላፍቶ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ የሄደው። እዚያ ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሽንኩርት ነው። በሽንኩርቱ ከስሮ በስፒከር የሚያካክስበት ጋሪ የለውም። የበግ ነጋዴውም ያለው በግ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋውን ከፍ ከማድረግ ሌላ ምክንያት አይታየውም። በክፋት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ቀን ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። እንቁጣጣሽ የምትመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። የመኸሩ እህል ገና ማሳ ላይ አረንጓዴ ነው። አጨዳውም፣ ውቂያውም ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሽንኩርትና ዝናብ ደግሞ አይስማሙም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ስለዚህ ፍላጎት ጣሪያ የሚነካው አቅርቦት ወለሉ ላይ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ገና ቢያንስ አዲስ እህል ከገባ በኋላ ይመጣል፤ እንቁጣጣሽ ግን ጎተራው ባዶ ሊሆን ሲል ነው የምትደርሰው።

ሦስተኛው ምክንያት እኛው ነን። ሁላችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ እንወጣለን። ለምን ቢባል፣ ደሞዛችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚገባ።

13 ወር ፀጋ፣ 12 ወር ደሞዝ

ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለዓለም ያስተዋወቋት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ፀሐዩ 13 ወር ይሁን እንጂ ደሞዙ 12 ነው። ጳጉሜን ደሞዝ የላትም።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚከፈለው ሠራተኛ የነሐሴን ደሞዝ በወሩ መጨረሻ ይቀበላል። ቀጣዩ የሚመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። በመሃል ያለውን ቁጠሩት፦ 5 የጳጉሜን ቀናት (በየ4 ዓመቱ 6 ይሆናሉ) እና 30 የመስከረም ቀናት፤ በድምሩ 35 ቀን በአንድ ደሞዝ። በእነዚህ 35 ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለች። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር አለ። መስከረም 16 ደመራ፣ መስከረም 17 መስቀል አለ። ለጉራጌ ቤተሰብ ደግሞ መስቀል የዓመቱ ትልቁ በዓል ስለሆነ የአገር ቤት ጉዞውም፣ ክትፎውም፣ ለወላጅ የሚወሰደው ስጦታም አለ። በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ የደሞዝ ወርና ትልቁ ወጪ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሻጩ ይህን ያውቃል። ደሞዝ የገባበትን ቀን ከባንኩ ቀጥሎ ጠንቅቆ የሚያውቀው የበግ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 1 ያለው ሳምንት የሻጭ ሳምንት ነው። የገዢ ሳምንት ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ነው ያለው። የበዓል ቅናሽ ሲባል መጀመሪያ የሚፈለገው ከካላንደር ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ቅናሽ» ከምን ተነስቶ?

ወደ ቢጫው ፖስተር እንመለስ። ሪቻርድ ቴለር የተባለው፣ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት፣ በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ቀላል ነገር አስረድቶ ነበር። አንድ ዕቃ ስንገዛ ሁለት ዓይነት ደስታ እናገኛለን። አንዱ ዕቃው ራሱ የሚሰጠን ጥቅም ነው። ሌላው «በደህና ዋጋ አገኘሁት» የሚለው ደስታ ነው። ሁለተኛው ደስታ የሚወሰነው በከፈልነው ብር ብቻ አይደለም፤ «መሆን የነበረበት ዋጋ» ብለን ጭንቅላታችን ውስጥ ባስቀመጥነው ቁጥርም ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ያንን ቁጥር ራሱ ከጻፈልን አለቀልን። እንበል አንድ ቀሚስ 4,000 ብር ተብሎ ተሰርዟል፤ ከሥሩ 2,400 ተጽፏል። ዓይናችን 1,600 ብር ያተረፈች ትመስለዋለች። ግን ቀሚሷ በሐምሌ 2,300 ስትሸጥ ከነበረ 100 ብር ጨምረን ነው የገዛናት። ለዚያውም እየተደሰትን።

ድሮ ለዚህ መድኃኒቱ የራሳችን ትዝታ ነበር። «ኧረ እሷ እኮ ባለፈው ዓመት 800 ነበረች!» እንል ነበር። አሁን ትዝታ ብዙም አያድነንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ልብስ፣ ጫማ፣ ስልክ ሁሉ ከዚያ ወዲህ አዲስ ዋጋ ያዘ። «የድሮ ዋጋ» የምንለው ነገር ስለተናጋ፣ ፖስተሩ ላይ የተሰረዘውን ቁጥር የምናመሳክርበት ነገር አጣን። የውሸት ቅናሽ የሚመቸው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ደግነቱ ቴሌግራም አይረሳም። ቻናሉ ውስጥ ገብታችሁ የዕቃውን ስም ፈልጉ፤ ወደ ሰኔና ሐምሌ ፖስቶች ውጡ። ያኔ ስንት ነበር? ፖስቱ ቆይቶ የተስተካከለ ከሆነም ቴሌግራም ምልክት ያደርግበታል። ያቺኑ ፎቶ ሌሎች ሦስት ቻናሎች ላይም ፈልጉ። ብዙዎቹ ዕቃ የሚያመጡት ከመርካቶ ከአንድ አስመጪ ስለሆነ ፎቶው እንኳ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም። ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። አንድ የቲክቶክ ቁጭታ ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ዋጋ በኢንቦክስ

ይቺ ነገር ብዙዎቻችንን ታናድዳለች፤ ግን ለምን እንደምትደረግ ማወቅ ጥሩ ነው። ዋጋው አደባባይ ላይ ከተጻፈ ለሁሉም አንድ ነው። በኢንቦክስ ከሆነ ግን ሻጩ መጀመሪያ ፕሮፋይላችሁን ያያል። ፎቶው የተነሳው ቦሌ ካፌ ውስጥ ነው ወይስ ግቢ ዶርም ውስጥ? የምትጽፉት በችኮላ ነው ወይስ በእርጋታ? ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የሚችለውን ያህል ይጠራል። በትምህርቱ ዓለም ይህ ዋጋን በገዢው ልክ መስፋት ነው። በእኛ ቋንቋ «እንደ ሰውየው ፊት» ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ከዚያ አዋጅ ውስጥ ለበዓል ገበያ የሚጠቅሙ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ያዙ። አንደኛ፣ ሸማች ዕቃ ስላየ፣ ስለመረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። «ካልገዛሽ ለምን አስወረድሽኝ?» ለሚል ሻጭ መልሱ አዋጅ ላይ አለ ማለት ነው። ነጋዴ ሸማቹን መስደብና ማመናጨቅም አይችልም። ሁለተኛ፣ የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሻለሁ» የሚባለው ቅናሽ እንግዲህ ይህን መብት የምንሸጥበት ዋጋ ነው። ለአንድ ቲሸርት ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለስልክና ለማቀዝቀዣ ግን አስቡበት።

ቅድሚያ ክፍያንም በተመለከተ አንድ ነገር። ሱቁ የት እንዳለ የማይናገር፣ ዕቃው ሳይደርስ ወደ ግለሰብ ቁጥር በቴሌብር ሙሉውን ላኩ የሚል ሻጭ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር፣ እየሸጠላችሁ ያለው ዕቃ ሳይሆን ተስፋ ነው። «ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» በሉ። እሺ ካላለ ቀጣዩ ቻናል አለ።

ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። የእናታችሁን የበዓል ዝርዝር ተቀበሉና በሦስት ክፈሉት፦ የሚቆይ፣ ትንሽ የሚቆይ፣ የማይቆይ።

የሚቆየው በርበሬ፣ ኮረሪማና ሌላው ቅመም፣ ቡና፣ ዘይት፣ ተነጥሮ የሚቀመጥ ቅቤ ነው። እነዚህን በጳጉሜን መግዛት ለችኮላችን መክፈል ነው። በተለይ ቅቤን ተመልከቱ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ጿሚው ቅቤ አይነካም። ፈላጊው የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። ሾላ ገበያ ሄዶ ቅቤ ለመጠየቅ ከጳጉሜን 3 ይልቅ ነሐሴ 10 ይሻላል። ሁሉም ሰው ሊገዛ የሚወጣው ጾሙ ሲፈታ ስለሆነ እናንተ ቀድማችሁ አንጥራችሁ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። በዓል ሲደርስ ቅቤና በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥ በየጊዜው የሚሰማ ወሬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዋጋ እየጠራ አንድ ሻጭ ብቻ በጣም ከቀነሰ፣ «አገኘሁት» ከማለታችሁ በፊት «ለምን?» በሉ። ዱቄት ሆኖ ከተሸጠ በርበሬ ይልቅ ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት አድካሚ ነው፤ ግን የምትበሉትን ታውቃላችሁ።

ትንሽ የሚቆየው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል ነው። ዶሮ ወጥ በእርግጥ የሽንኩርት ወጥ ነው፤ ዶሮዋ እንግዳ ናት። ለአንድ ዶሮ በኪሎ የሚቆጠር ሽንኩርት ስለሚገባ፣ የሽንኩርት ዋጋ ላይ የሚገኝ ትንሽ ልዩነት ተደምሮ ቀላል አይሆንም። ደረቅ፣ ያልበቀለ፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ሽንኩርት መርጣችሁ ከፌስታል አውጥታችሁ ነፋሻ ቦታ ላይ ብትዘረጉት ሁለት ሳምንት አይከብደውም። ስለዚህ ከነሐሴ 20 ወዲህ ባለው የእሁድ ገበያ ወይም ከሸማቾች ማኅበር ሱቅ ግዙት። ከሦስት ጎረቤት ጋር አንድ ጆንያ ማንሳት ደግሞ የበለጠ ነው።

የማይቆየው ዶሮ፣ በግና ቄጤማ ነው። ዶሮ ግቢ ያለው ሰው ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ጥሬ እየበተነ ያቆያታል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ግን በረንዳ ላይ የምትጮህ ዶሮ ከጎረቤት ጋር ታጣላለች። ለጿሚ ቤት ሌላ ነገር አለ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለች ጾሙ ስለማይሻር ዶሮው የሚበላው በማግስቱ ነው። እንዲህ ባለ ዓመት ግዢውን በአንድ ቀን መግፋት ይቻላል።

በግ ላይ ደግሞ የዋዜማ ማታ ቁማር አለ። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሳይሸጥ ቢያድር የመኖ፣ የማደሪያና የመመለሻ መኪና ወጪ አለበት። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ዋጋው የሚወርድበት ጊዜ አለ። ግን ማታ ላይ የሚቀረው በግ ቀን ሰው ሁሉ አይቶ የተወው በግ ነው፤ ካልቀረም ባዶ እጅ መመለስ አለ። ልጆች ባሉበት ቤት በዚህ ቁማር አልጫወትም። እንግዳ የምትጠሩት ለመስከረም 3 ከሆነ ግን መስከረም 2 ጠዋት ገበያ መውጣት የተሻለ ስልት ነው። ልብስም እንደዚያው ነው። ለበዓሉ የመጣ ልብስ በዓሉ ሲያልፍ ቦታ የሚይዝ ሸክም ይሆናል።

ደንበኛ የሚለው ቃል

በ1978 እ.ኤ.አ. ክሊፎርድ ጊርትስ የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ሴፍሩ ስለምትባል የሞሮኮ ከተማ ገበያ ጽፎ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ በጣም ውዱ ነገር መረጃ ነው ይላል። የትኛው ዕቃ ጥሩ ነው? ትክክለኛ ዋጋው ስንት ነው? ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ስለዚህ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፦ አንድም ዋጋ ይከራከራል፣ አንድም ከአንድ ሻጭ ጋር ይዛመዳል።

እኛ ለዚህ ሁለተኛው መንገድ አንድ ቃል አለን፤ ደንበኛ። የሚገርመው ቃሉ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ገዢዋም ሻጯን «ደንበኛዬ» ትላለች፣ ሻጯም ገዢዋን «ደንበኛዬ» ትላለች። ዓመቱን ሙሉ ከአንድ እናት ጋር ሽንኩርት ስትገዙ ከርማችሁ ከሆነ፣ በጳጉሜን የምታገኙት የሚበላሸውን ሳይሆን ከሥር የተቀመጠውን ነው። ዋጋው ላይ ባትቀንስ እንኳ «መርቂልኝ» ስትሏት አንድ ሁለት ራስ ትጨምራለች። እጃችሁ ላይ ብር ባይኖር «ሂጂ፣ በኋላ ታመጪዋለሽ» ትላለች። ይህን የትኛውም ፖስተር አይሰጣችሁም።

ይህን ካልኩ አይቀር፣ የምትከራከሩበትንም ምረጡ። ስልክና ጫማ ሻጭ ጋ፣ ትርፉ ሰፊ የሆነበት ቦታ፣ ተከራከሩ፤ መጨረሻውን ጠይቁ፣ ወጥታችሁ ተመለሱ። መንገድ ዳር ቄጤማና አደይ ይዛ የተቀመጠች ልጅ ጋ ግን አሥር ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት መቆም ሒሳቡ አይመጣም። ለእናንተ አሥር ብር የታክሲ መልስ ናት፤ ለእሷ የቀኑ ትርፍ ልትሆን ትችላለች።

ቅርጫ፦ አያቶቻችን የፈጠሩት የቡድን ግዢ

ውጭ አገር ሰዎች ተሰባስበው በጅምላ ዋጋ የሚገዙባቸው አፖች አሉ። እኛ ቅርጫ አለን። ጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ገንዘብ ያዋጣል፤ ከብት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ገበያ ይላካሉ፤ በሬው ይታረዳል፤ ከየብልቱ እየተደረሰ በእኩል መደብ ይደለደላል። መጨረሻ ላይ ዕጣ ይወጣል።

የዕጣው ነገር ቀልድ አይደለም። መደቡን የሚያደላድለው ሰው የትኛው ለራሱ እንደሚደርስ ስለማያውቅ አንዱን ማሳነስ አይጠቅመውም። ሚዛን በሌለበት ዘመን ሚዛናዊነትን ያመጣ ብልሃት ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሥጋ ቤት ኪሎ ይረክሳል፤ የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛና የሥጋ ቤት ትርፍ የለበትም። ቁልፉ ግን ሌላ ነው። ጥሩ የቅርጫ ማኅበር ገንዘብ የሚሰበስበው በጳጉሜን አይደለም። ከጥር ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው የበዓል ቅናሽ ይሄ ነው፤ ደሞዝ ለሌላት ጳጉሜን ደሞዝ መቁረጥ ማለት ነውና።

ቅናሹ የማን ነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ቅቤን በፍልሰታ፣ ሽንኩርትን በነሐሴ 20 ግዙ ማለት ቀላል ነው። ነሐሴ 20 ላይ ብር ያለው ማን ነው? የቀን ሠራተኛው ዛሬ ያገኘውን ዛሬ ይበላል። ጡረተኛዋ የሚደርሳትን ትጠብቃለች። ሊስትሮው፣ ጠባቂው፣ የቤት ሠራተኛዋ ገንዘብ የሚያገኙት ዋጋው ጣሪያ በነካበት በዚያው ሳምንት ነው። ስለዚህ በአገራችን ርካሽ የሚገዛው አስቀድሞ ገንዘብ ያለው ነው፤ ውድ የሚገዛው ደግሞ የሌለው ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዶሮ ወጥ ሠርተው ሲያድሩ የድሃዋ ድስት የበለጠ ወጪ ወጥቶባታል። ከዚያ በኋላ ብድሩ አለ። በእንቁጣጣሽ የተበደረ ሰው የመስከረም ደሞዙን ሳያየው ነው የሚከፍለው።

ይህን አንድ ጽሑፍ አይፈታውም። ስልክ ያለን ልጆች ግን ማድረግ የምንችለው አለ፤ ሁሉም ትንንሽ ነው።

አንድ፣ የዋጋ ማስታወሻ ያዙ። ከነሐሴ 15 ጀምሮ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ዶሮ ስንት እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ከነቀኑና ከነገበያው ጻፉ። የቤተሰብ ወይም የሰፈር ግሩፕ ላይ ጣሉት። እናቶቻችን በእግራቸው ዞረው የሚያገኙትን መረጃ እኛ በአውራ ጣት ልናደርስላቸው እንችላለን። መርካቶና የእሁድ ገበያው መካከል ያለውን ልዩነት ቀድማ ያወቀች እናት የታክሲ ሒሳቧን አትከስርም።

ሁለት፣ ጆንያ ስታነሱ አንድ መደብ ጨምሩ። ከአራት ቤት አምስት ቤት አድርጉትና አምስተኛዋ አሁን ብር የሌላት ጎረቤት ትሁን፤ ስታገኝ በተገዛበት ዋጋ ትከፍላለች። ወለድ የለውም፣ ምፅዋትም አይደለም፤ እሷ ላይ የሚወጣውን የዋዜማ ዋጋ ማስቀረት ነው።

ሦስት፣ ለቤት የምትልኩት ብር ካለ ቀኑን አስቡበት። ጳጉሜን 4 ቀን የሚላክ 3,000 ብርና ነሐሴ 12 የሚላክ 3,000 ብር ገበያ ላይ እኩል አይደሉም። ዱባይም፣ ቤሩትም፣ ዋሽንግተንም ላላችሁ እህትና ወንድሞች ይሄ በተለይ ይመለከታችኋል። ብሩን መጨመር ባትችሉ ማስቀደም ትችሉ ይሆናል።

አራት፣ በዓሉ ሲያልፍ በሰነፍነት አትበተኑ። መስከረም ውስጥ፣ የዋጋው ትኩሳት ገና ሳይረሳ፣ የገናውን ወይም የፋሲካውን ቅርጫ ጀምሩ። አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሁን፣ አንዱ በየወሩ ማን እንደከፈለ ግሩፑ ላይ ይለጥፍ።

ፖስተሩማ ይቀጥላል። ነገም ቢጫ ነው፣ ነገ ወዲያም «የመጨረሻ 2 ቀን» ይላል። እሱን እያያችሁ እናታችሁን «ዝርዝሩን ላኪልኝ» በሏት። የትኛው እንደሚቆይ፣ የትኛው እንደማይቆይ ከእናንተ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የጎደላት ጊዜውና ብሩ በአንድ ላይ አለመገኘታቸው ነው።

መልካም አዲስ ዓመት!